ፍጥነት ገዝቼ ቀጠሮ አክባሪ ሆንሁ፦ ከኢንዱስትሪ የስፌት መኪና ጋር 14 ወራት

ይህን መኪና የገዛሁት በእልህ ነው። ከዚያ በፊት የምሠራበት የቤት ውስጥ መኪና ለአንድ ቀሚስ ወይም ለአንድ መጋረጃ ታማኝ ነበር። 12 ሽርጥ በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ ግን ሰባተኛው ላይ ሞተሩ ጋለ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። እያሳረፍሁት ስሠራ ሽርጦቹን አራት ቀን ዘግይቼ አስረከብሁ። ደንበኛዬ አልተቆጣችም፤ ተመልሳም አልመጣችም። ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ ምን እንዳስከፋው ይናገራል።

የገዛሁት ባለ አንድ መርፌ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ፣ ከነጠረጴዛው የሚሸጥ፣ ሰርቮ ሞተር የተገጠመለት መኪና ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ብዙ አይጠቅምም። የዚህ ዓይነት መኪኖች አሠራራቸው እጅግ ስለሚመሳሰል መርፌውም፣ ቦቢኑም (የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት)፣ ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘው እግሩም ከአንዱ ወደ ሌላው በአብዛኛው ይዘዋወራል። ስገዛ ይህን እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር። አሁን ግን ከሁሉ በላይ የማስቀድመው እርሱን ነው፤ መለዋወጫው በየሱቁ የማይገኝ መኪና ምንም ያህል ቢያምር አንድ ቀን ሥራ ያስፈታል።

መጀመሪያ ያማለለኝ ቁጥሩ ነበር። በመግለጫው ላይ በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይላል፤ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ1,000 አያልፍም። በ14 ወራት ውስጥ 5,000ን አንድም ቀን አልነካሁትም። የሞተሩን ጣሪያ 2,000 ላይ አስሬዋለሁ፤ ለኪስና ለአንገት ደግሞ ከዚያም ዝቅ አደርገዋለሁ። የጠቀመኝ በዝግታ ሲሄድ ያለው ጉልበት ነው። አራት ድርብ ወፍራም ሸራ ላይ አንዲት ስፌት ብቻ ስፋ ሲሉት ይሰፋል፤ ሳያቃስት፣ መርፌ ሳይሰብር። የድሮው መኪና እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ያጓራል፤ ከዚያ በድንገት ዘሎ ጣት ያስደነግጣል።

ሞተሩን በተመለከተ፦ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ባለ ክላች ሞተር ይገጥመዋል። ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ እየሰፋችሁም ሳትሰፉም ይሽከረከራል፤ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ኤሌክትሪክም ይበላል። ሰርቮ የሚዞረው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው። ለእኔ ልዩነቱ ከኤሌክትሪኩም በላይ ነበር። ደንበኛ በስልክ ሲያናግረኝ መኪናውን ማጥፋት አያስፈልገኝም። ለማጅ እግርም በሰርቮ ቶሎ ይገራል። የእኔ እግር እስኪገራ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ በእነዚያ ሳምንታት ያበላሸሁትን ጨርቅ አልቆጥርላችሁም። ከጠረጴዛው ሥር በጉልበት እየተገፋ የመኪናውን እግር የሚያነሳው ዘንግ ደግሞ ሁለቱም እጆቼ ጨርቁ ላይ እንዲቀሩ ስለሚያደርግ፣ አሁን የቤቱ መኪና ላይ ስቀመጥም ጉልበቴ አየር ይገፋል።

አሁን ወደሚያናድደው ልሂድ።

መኪናው ዘይቱን ከሥሩ ካለው ገንዳ ራሱ እየሳበ ይቀባል። መልካም ነው። ሁለት ቀን ቆሞ ከዋለ በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች ላይ ዘይት ሊተፋ ይችላል። ይህን ያወቅሁት በነጭ ጨርቅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብጣሽ ጨርቅ ላይ አንድ ሜትር ያህል ሳልሰፋ የደንበኛ ጨርቅ አላስጠጋም። አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ዘይቱ ሲረጭ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወዲያው ማቆም ነው። ቦቢኑ ቶሎ ያልቃል፤ እየሰፋ ሌላውን የሚያጠነጥን መሣሪያ በጎኑ ስላለው አምስት ስድስት አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ዚግዛግ (ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ስፌት) የለም፤ የቁልፍ ቀዳዳ የለም። ስለዚህ የቤት መኪናዎን እንዳይሸጡ። የእኔው በጡረታ ዕድሜው የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ እየሠራ ይኖራል፤ ደስተኛ ይመስላል።

ትልቁ ኪሳራዬ የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። መኪናው ስፌት መዝለል ጀመረ። ክር ቀየርሁ፤ መወጠሪያውን አላላሁ፤ አጠበቅሁ። በመጨረሻ ጠጋኝ ጠራሁ። ጠጋኙ ገና መሣሪያውን ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየና ሳቀ። የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ስለሆነ አጣምሞ ማስገባት ያስቸግራል። የኢንዱስትሪው መርፌ ግን ድቡልቡል ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ይገባል። በመርፌው ጎን ያለው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ መዞር ሲገባው እኔ ትንሽ አጣምሜው ነበር፤ ከሥር የሚዞረው መንጠቆ የክሩን ቀለበት እየሳተ ያልፋል። ሁለት የሥራ ቀን በአንድ መርፌ መጣመም! ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሆኖም ከመኪናው ጋር የመጣው መመሪያ ይህን በአንዲት ትንሽ ሥዕል ብቻ ማለፉን አልወደድሁለትም። አሁን መርፌ የምቀይረው ስምንት ሰዓት ያህል በሰፋሁ ቁጥር ነው፤ ለመካከለኛ ጨርቅ 90፣ ለሸራና ለጂንስ 100 ወይም 110 እጠቀማለሁ። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊሜትር ነው።

መኪና ቢገዛ ደንበኛ አብሮ አይመጣም። ይህን የሥራው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ከላይና ከታች በሚመጡ ሁለት ክሮች የሚሰፋ መኪናውን በ1846 በፓተንት አስመዘገበ፤ በአገሩ ግን ገዢ አጥቶ ዕድሉን እንግሊዝ አገር ለመሞከር ተገደደ። ስሙ በየቤቱ የገባው በ1851 የራሱን መኪና ያስመዘገበው የሲንጀር ነው። የሲንጀር ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኪናውን ቀስ በቀስ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ ገዢው በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ እንደሌለው ገብቶት ነበር። ሃው መኪና ነበረው፤ ሲንጀር ደንበኛው ምን እንደቸገረው ያውቅ ነበር።

እኔም አዲስ መኪናዬን ይዤ የመጀመሪያውን ወር ባዶ ጠረጴዛ አፍጥጬ ካሳለፍሁ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ‘ማን ነገረዎት?’ ብዬ እጽፋለሁ። ከግማሽ የሚበልጡት ሌላ ደንበኛ የላካቸው ናቸው። በስልኬ የማሰራጨው ፎቶግራፍ ብዙ ጠያቂ ያመጣል፤ አብዛኛው ‘ስንት ነው?’ ብሎ ይጠፋል። ከጠበቅሁት በላይ የጠቀመኝ መንገድ ቢኖር ከልብሱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የምሰፋት ስልክ ቁጥር ያለባት ትንሽ ጨርቅ ናት። የምታመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የሚደውለው ልብሱን ለብሶ፣ አጥቦ፣ ስፌቱን ፈትሾ ያየ ሰው ስለሆነ ዋጋ ሲሰማ አይደነግጥም።

በር ማንኳኳትም አልቀረም። ሠራተኞቻቸውን የሥራ ልብስ የሚያለብሱ ትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ አንድ የተሰፋ ኪስ ይዤ እሄድና ‘ይሳቡት’ እላለሁ። አንዲት የጽዳት ድርጅት ባለቤት ኪሱን በሁለት እጃቸው ስበው፣ ገልብጠው አዩና፣ “ከእርስዎ በፊት ይሰፋልን የነበረው ሰው ከዚህ ይበልጥ ጥሩ ይሰፋ ነበር፤ ክፋቱ ‘ነገ’ ማለት ይወዳል” አሉኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ስድቡን ከምስጋናው መለየት አቅቶኝ ነበር። ሥራውን ግን ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው መኪናው ዋጋውን የመለሰልኝ። አንድ ሽርጥ በድሮው መኪና ስፌቱ ብቻ 50 ደቂቃ ያህል ይወስድብኝ ነበር፤ አሁን ከ20 ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ መቁረጡ፣ መተኮሱና ክር መልቀሙ አንድ ደቂቃም አልቀነሰም። ስለዚህ ሥራው በጠቅላላ በግማሽ አላጠረም፤ ምናልባት ሲሶው ቢቀንስ ነው። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የድሮው መኪና መቼ እንደሚግል ስለማላውቅ የምሰጠው ቀን ሁሉ ምኞት ነበር። አሁን የጨርቁን ብዛት አይቼ፣ የመቁረጫውን ሰዓት አስልቼ፣ አንድ ቀን መጠባበቂያ ጨምሬ ቀኑን እናገራለሁ። ሐሙስ ብዬ ረቡዕ ያስረከብሁባቸው ደንበኞች በደብተሬ ላይ ‘የላከው ሰው’ በሚለው ዓምድ ደጋግመው ይታያሉ።

ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ፦ የራሳችሁን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቀጭኑም ከወፍራሙም። ሞተሩ ሳይበራ በመኪናው ጎን ያለውን ጎማ በእጅ አዙሩት፤ የሆነ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ተዉት። በቀላል ጨርቅ ላይ አሳምሮ መስፋት ለማንኛውም መኪና ቀላል ነው፤ ሻጩ የሚያሳየውም እርሱን ነው። የተለያየ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ለሚሰፋ ሰው ይህን መኪና አልመክርም፤ ጥሩ የቤት መኪና ይበቃዋል።

የሚለጠጥ ጨርቅ ሲመጣብኝ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ የሚጠልፍ መኪና) ወዳላት አንዲት የሙያ ባልደረባዬ እልካለሁ፤ እርሷ ደግሞ ሸራና ወፍራም ጨርቅ ትልክልኛለች። ኦቨርሎክ ልግዛ አልግዛ የሚለውን ጥያቄ እስካሁን አልቋጨሁትም። ለጊዜው ወደ እርሷ የላክኋቸውን ሰዎች በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እየቆጠርሁ ነው። ባለፈው ወር አራት ነበሩ። ለሦስት ተከታታይ ወራት ከስምንት ካለፉ እገዛለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ግን ለእርሷ መንገር ይኖርብኛል፤ እርሱ ነው የከበደኝ።