የኮንፈረንስ የጉዞ ድጋፍ፦ ብሩ ከጉዞው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች የሚሰጥ የጉዞ ድጋፍ ማስታወቂያው ላይ ያምራል፤ ቲኬት፣ ማደሪያ፣ ምዝገባ። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ግን የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የሚለቀቅበት ጊዜ ነው። ብዙው «ወጪ ተመላሽ» ነው፤ ተማሪው ከኪሱ ከፍሎ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደረሰኝ ያስገባል፣ ከዚያ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። አበዳሪው ተማሪው ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ከማመልከት በፊት «ቲኬቱን የሚቆርጠው ማነው?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ይበጃል። ራሱ ቲኬት ቆርጦ የሚልክና ምዝገባን በነፃ የሚያደርግ አዘጋጅ፣ ድጋፉ አነስ ቢልም ይመረጣል።

ገንዘብ ሳይመለስ የሚቀረው ሂሳብ ሲወራረድ ነው። ከካርድ ማሽኑ የሚወጣው ቁራጭ ወረቀት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የሆቴሉ ደረሰኝ የተማሪው ስም፣ የገባበትና የወጣበት ቀን እንዲሁም ሙሉ በሙሉ መከፈሉ ሊሰፍርበት ይገባል። በኢንተርኔት ክፍል ሲያዝ የሚላከው ማረጋገጫ ደረሰኝ አይደለም፤ ቁልፍ ሲመለስ እንግዳ መቀበያው ላይ ማስቆረጥ ነው። ክፍል የተጋሩ ሁለት ተማሪዎች በየስማቸው ያስቆርጡ፤ አለዚያ የአንዱ ድርሻ ማስረጃ ያጣል። ቦርዲንግ ፓስ የሚጠይቅ ፋይናንስ ክፍልም አለ፤ ስልክ ላይ ያለው ከበረራ በኋላ ሊጠፋ ስለሚችል ስክሪንሾት ይነሳ። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ደግሞ ስለሚደበዝዝ በዕለቱ ፎቶ ማንሳት ነው።

ቪዛ ላይ የድጋፉ ትልቁ ድክመት ይታያል፤ ቪዛ ጊዜ ይፈልጋል፣ የድጋፉ ውጤት ግን ዘግይቶ ይመጣል። ለሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛ 15 ቀን፣ ሲራዘም እስከ 45 ቀን ይወስዳል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የግብዣ ደብዳቤው ላይ ስም እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፣ የትኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም በግልጽ ይስፈር። «እንጋብዝዎታለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ወጪውን ማን ይችላል የሚለውን አይመልስም።

ጥናቱን በፖስተር የሚያቀርብ ተማሪ ፖስተሩን በጨርቅ ያሳትም፤ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የወረቀት ፖስተር የሚያዝበት ቱቦ እንደ ተጨማሪ የእጅ ሻንጣ ተቆጥሮ ሊያስከፍል ይችላል። ከማሳተም በፊት ግን ፖስተሩ የሚሰቀልበትን ሰሌዳ አቅጣጫ ማረጋገጥ ነው፤ ኤ ዜሮ (A0) የሚባለው የፖስተር መጠን 84.1 በ118.9 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ወደ ጎን የተሠራ ፖስተር 1 ሜትር ስፋት ባለው ሰሌዳ ላይ በሁለቱም በኩል ወደ 9 ሳንቲሜትር ይተርፋል።