ሮቶ ወይስ በርሜል? ጎንደር ለሚከርም የውጭ ሰው

የጎንደር ቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ አንዱ ምክንያት ነው። ለዓመት የሚከራይ ሰው 1,000 ሊትር ሮቶ (የፕላስቲክ ውኃ ማጠራቀሚያ) ያስተክል። ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን የብረት ማማ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል፤ የእንጨት ቆጥ አይታመንም። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ቢልም ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው፤ ያለ ፓምፕ ሻወሩ የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው። የውኃው መውጫ ከሮቶው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላለ ደግሞ ዝቃጩ ቤት ይገባል።

ለጥቂት ወር 200 ሊትር በርሜል ይበቃል፤ የአከራይ ፈቃድም አያስጠይቅ። ኬሚካል የነበረበትን ግን በነጻም ቢሰጥ አይቀበሉ። ውኃውን የሚበክለው በጆግ መጨለፉ ስለሆነ ከታች ቧንቧ ያስገጥሙለት። ለመጠጥ ከሆነ የጠራውን ውኃ ማፍላት፤ አለዚያ ለሙሉ በርሜል ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር አማስሎ 30 ደቂቃ መጠበቅ።