«ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ማለት ውሃም አይጠጡ ማለት አይደለም

ከ4 ዓመት በኋላ እናቴን ለማየት አገር ቤት ገብቼ ነበር። በ3 ሳምንት ውስጥ ብዙ ጉዳይ ጨርሻለሁ። ባንኩም፣ ሲም ካርዱም፣ የጥርስ ሐኪሙም ደህና ነበሩ። የእናቴ የደም ምርመራ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ወላጅ ይዞ ላብራቶሪ ለሚሄድ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐኪሟ የስኳርና የቅባት ምርመራ አዘዘላት። ላብራቶሪው ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እናቴ፣ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» አለቻት። በቃ፣ ይሄው ነው። አመስግነን ወጣን።

እኔ ምግብ ማለቷ ነው ብዬ አለፍኩት። ለእናቴ ግን ምንም ማለት ምንም ነው። ደግሞ እህቷ ለኦፕሬሽን ስትገባ ውሃ ተከልክላ ስለነበር ይሄም እንደዚያው መሰላት። ማታ 1 ሰዓት ላይ እራቷን በላች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጉንጭ ውሃ አልነካችም። ጠዋት የግፊት ክኒኗንም ሳትውጥ ነው የወጣችው። ይህን ሁሉ የሰማሁት እዚያው ወረፋ ላይ ተቀምጠን ነው።

1 ሰዓት ከ20 ደረስን። መጀመሪያ «ደም የሚቀዳው ልጅ እየመጣ ነው» ተባልን። እሱ ሲመጣ ሲስተም የለም ተባለ። ሲስተሙ ሲመለስ የከፈልንበት ደረሰኝ እዚያኛው መስኮት ማኅተም ይቀረዋል አሉን፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ሰው የለም፣ ስንመለስ ከኋላችን የመጡት ሁሉ ቀድመውን ገብተዋል። 3 ሰዓት ሆነ፣ 4 ሰዓት ሆነ። እናቴ ከንፈሯን በምላሷ እያራሰች ዝም ብላለች። እሷ ስትደክም አትናገርም፤ አውቃታለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ «ትልቅ ሰው ናት፣ በባዶ ሆዷ ነው ያለችው» አልኳቸው። «ሁሉም በባዶ ሆዱ ነው» አሉኝ።

ስሟ የተጠራው 5 ሰዓት ላይ ነው። ከእራቷ 16 ሰዓት መሆኑ ነው። ልጁ ክንዷን በላስቲክ አስሮ ክርኗ ላይ መታ መታ አደረገ። ደም ስሯ ጠፋ። ቀኝ እጇን ሁለቴ፣ ግራዋን አንዴ ወጋት፤ በመጨረሻ ከእጇ ጀርባ ትንሽ አገኘ። ያን ጊዜ ነው «እናቴ፣ ውሃ አልጠጡም እንዴ?» ያላት።

ደሜ ፈላ። ማን ነግሯት ትጠጣ? እኔ በምኖርበት አገር ከቀጠሮው በፊት በስልክ መልእክት ይደርሰኛል፤ «ውሃ ይችላሉ፣ ሌላ መጠጥ አይችሉም» ይላል። አንድ መስመር ናት። ውድ ማሽን አያስፈልጋትም፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ በአፏ ብትነግረን ይበቃ ነበር። ጭራሽ ከሰዓት በኋላ ደውለው «ናሙናው አልበቃም፣ ነገ ደግማችሁ ኑ» አሉን።

እዚያ አልተመለስንም። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ፣ ትንሽ ላብራቶሪ ወሰድኳት። እዚያ የተቀበለችን ባለሙያ እግዚአብሔር ይስጣት። ገና ሳንቀመጥ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ዛሬ ውሃ ጠጥተዋል ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «ይቻላል እንዴ?» ስትላት ቁጭ ብላ አስረዳቻት።

ለደም ምርመራ ከምግብ መታቀብ ያለብን ብዙውን ጊዜ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ነው። ንጹሕ ውሃ ግን ይጠጣል፤ ስኳሩንም ቅባቱንም ከፍ አያደርግም። እንዲያውም ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደም ስር ለማግኘት ያስቸግራል። የእህቷ ነገር ሌላ ነው። ለኦፕሬሽን የሚከለከለው ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው። ውሃ ስትል ግን ውሃ ብቻ ነው። ቡና ያለ ስኳርም ቢሆን አይቻልም፣ ካፌይኑ ውጤቱን ሊነካው ይችላል። ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ ለስላሳም እንደዚያው። ማስቲካ ስኳር ባይኖረውም ይቅር። አልኮል ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቢቀር ይሻላል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ቅባት ከፍ ያደርገዋል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ተደግሞም እንደዚያው ከመጣ የስኳር በሽታ ይባላል። መሃሉ ጠባብ ነው። ጠዋት የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ሰውን ያለ በሽታው ሊያስደነግጠው ይችላል።

ክኒኗንም ነገረቻት። የግፊቱን በውሃ መዋጥ ትችላለች። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሳይበላ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ አለች። የ3 ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሆድ አይፈልግም። የቅባቱም ቢሆን አሁን አሁን በልቶ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ ሲታዘዝላችሁ «የግድ በባዶ ሆድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጥታ ትንሽ አስቀመጠቻት። አንዴ ነው የወጋቻት። ከገባን በ20 ደቂቃ ወጣን።

እናቴ ከ3 ወር በኋላ ደግማ ትመረመራለች። እኔ አልኖርም። ከመሄዴ በፊት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌላታለሁ፦ «ከእራት በኋላ ውሃ ብቻ። ክኒንሽን ዋጪ። ስትወጪ የውሃ ጠርሙስሽን ያዢ።»