ለበቆሎ ተራው ዩሪያ፣ መድኃኒት የተቀባው ወይስ የተለበጠው?

50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ብሩን የምታወጡት ለእሱ ነው። ችግሩ፣ ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ አሞኒያ ደግሞ ጋዝ ነው፣ ይበናል። አንድ ዓመት ቆቦ ላይ ከካፊያ በኋላ በትኜ ዝናቡ አራት ቀን ጠፋብኝ። ጎንበስ ስል የሽንት ሽታ አፍንጫዬን አለኝ።

ተራው ዩሪያ ርካሹ ነው፣ ለአብዛኛው የወሎ ገበሬም እሱ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ግን ከሽልሻሎ ጋር ካዋላችሁት ነው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከአገዳው አራት ጣት ያህል አራቁና ጨምሩት፣ ወዲያው አፈር አልብሱት። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከተቀበረ አሞኒያውን አፈሩ ይይዘዋል። ሁሉንም በዘር ጊዜ መጨመር ግን ለጎርፍ መገበር ነው። (ከአመድ ጋር የምትቀላቅሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ አመድ አሞኒያውን ቶሎ ያስወጣዋል።)

መድኃኒት የተቀባው የሚባለው ኤንቢፒቲ ያለበት ነው፤ መድኃኒቱ ዩሪያው ወደ አሞኒያ መቀየሩን አንድ ሁለት ሳምንት ያህል ያዘገየዋል። ሰው አጥታችሁ መቅበር ካልቻላችሁና ዝናቡ እምነት ካልተጣለበት፣ ጭማሪውን ክፈሉ። ለቀበረ ሰው ግን ያን ያህል ጥቅም የለውም። መጋዘን ውስጥ ሲከርም ኃይሉ ስለሚደክም የተመረተበትን ቀን እዩ። ቀለሙን አትመኑ።

ዋልካ መሬት ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ውሃ ሲተኛበት ናይትሮጅኑን ባክቴሪያ ጋዝ አድርጎ ያስወጣዋል፣ ኤንቢፒቲ ደግሞ ይህን አያስቆምም። ለዚህ የሚሆነው ዲሲዲ ወይም ናይትራፒሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት ያለበት ነው። እኔ ግን ብሩ ቢኖረኝ መጀመሪያ ቦይ አስቆፍርበት ነበር።

የተለበጠው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። አንዴ በዘር ጊዜ ከጨመራችሁ ጉልበት ይቆጥባል። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ደግሞም እንዲለቅ እርጥበት ይፈልጋል። ቆላ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ የቀረው ናይትሮጅን በዩሪያው ፍሬ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ በቆሎው ሳያገኘው።

ሻጩ «የተሻሻለ ዩሪያ ነው» ካላችሁ በምን እንደተሻሻለ ጠይቁት። የመድኃኒቱ ስም ከረጢቱ ላይ ካልተጻፈ በተራው ዋጋ ካልሆነ አትግዙ።