በሰው አገር ለሚጋግር ሰው ሚዛን ይቅደም ወይስ ቴርሞሜትር?

ለዓመታት እጄን የፈታሁበትና ያለ ምንም ማስታወሻ እጋግረው የነበረ አንድ ተራ ኬክ፣ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተበላሸብኝ። የመጀመሪያው ከኦቨን እንደ ወጣ መሃሉ ሰረጎደ፤ ሁለተኛው ዳር ዳሩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ሆነ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይነፋ ደርቆ ለቢላዋ እንኳ አስቸገረ። ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ አየሩን ሳይቀር ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ ጥፋቱ የት ላይ እንዳለ በግምት ሳይሆን በቁጥር ለማወቅ ስለ ፈለግሁ ሁለት ዕቃዎች ገዛሁ፤ አንዱ ባለ ባትሪ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሌላው ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ነው። ሁለቱንም ለስምንት ወራት ያህል በየሳምንቱ ስለ ተጠቀምሁባቸው ይህ ግምገማ የአንድ ቀን ሙከራ ውጤት አይደለም። በዚህ ደረጃ ያሉ ዕቃዎች አሠራራቸው እጅግ ስለሚቀራረብ የሠሪዎቹን ስም ማንሣት አላስፈለገኝም።

ሚዛኑ ላዩ መስታወት የሆነ፣ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። እስከ 5 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ንባቡ በ1 ግራም ልዩነት ነው። ቁልፎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ መለኪያውን ከግራም ወደ ሌላ ይቀይራል፣ ሌላው ያበራል፣ ያጠፋል፣ የተቀመጠበትንም ክብደት ወደ ዜሮ ይመልሳል። ዕቃውን የሚያስገዛው ይህ የመጨረሻው ተግባር ነው፤ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ ዱቄት መጨመር፣ እንደገና ዜሮ አድርጎ ስኳሩን ማስከተል ስለሚቻል፣ በመጨረሻ የሚታጠበው ዕቃ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ብቻ ይሆናል።

የሚዛን ጥቅም በትክክል የሚገባው ግን ኩባያ የሚባለው መለኪያ ምን ያህል የማይታመን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። የአሜሪካው የመጋገሪያ ኩባያ ወደ 237 ሚሊሊትር ይይዛል፤ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ ደግሞ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ እንኳ በብዙ አገር 15 ሚሊሊትር ሆኖ ሳለ በአውስትራሊያ 20 ነው። ከዚህም በላይ በአንድ ኩባያ፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ከረጢት የተለካ ዱቄት ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ አይሆንም። ሞከርሁት፤ በወንፊት ነፍቼ ስሞላው 116 ግራም፣ በማንኪያ እየጨለፍሁ ስሞላው 126፣ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼ ስዝቅ ደግሞ 149 ግራም ሆነ። ሦስት ኩባያ ዱቄት በሚጠይቅ አሠራር በነፋሁትና በዛቅሁት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 100 ግራም ይጠጋል ማለት ነው።

ሆኖም አገር ቤት በነበርሁ ጊዜ ይህ ሁሉ ሳይገባኝ ኬኩ በየጊዜው ይሳካልኝ ነበር። ይህን ለመረዳት እህቴ ጋ ደውዬ፣ «ያንን የምለካበትን ኩባያ እስኪ ከግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ እየቀዳሽ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ እዪልኝ» አልኋት። ሁለት ጊዜ ከሞላች በኋላ የተረፈውን ውሃ በሾርባ ማንኪያ ብትቆጥረው አምስት ሆነ። ኩባያዬ የሚይዘው ወደ 210 ሚሊሊትር ኖሯል፤ እዚህ የገዛሁት መለኪያ ኩባያ ግን 240 ይይዛል። ሁሉም ነገር በኩባያ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ዱቄቱም ስኳሩም ወተቱም በእኩል መጠን ስለሚጨምሩ ኬኩ ትንሽ ገዘፍ ከማለት በስተቀር አይለወጥም። ዕንቁላል ግን በቁጥር፣ ቤኪንግ ፓውደር በማንኪያ ነው የሚገባው። ደረቁ ሁሉ በአንድ ሰባተኛ ሲጨምር ዕንቁላሉ ሦስት ሆኖ ቀረ፤ ሦስተኛው ኬክ የደረቀውም ስለዚህ ነበር። ዕንቁላሉ ራሱ ቢሆን መጠኑ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ መካከለኛ የሚባለው ከነቅርፊቱ ከ53 እስከ 63 ግራም፣ ትልቅ የሚባለው ከ63 እስከ 73 ግራም ነው። አሁን ዕንቁላልንም ሰብሬ እመዝናለሁ፤ ቤተሰቦቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

የሚዛኑን ጉድለቶች መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ትልቅ ሳህን ሲቀመጥበት ንባቡ ከሥሩ ይደበቃልና አንገትን ዝቅ አድርጎ ማየት ግድ ነው። ለሁለት ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ያጠፋል፤ ስልክ ለማንሣት ዘወር ብዬ ስመለስ ስንት ግራም ስኳር እንደ ጨመርሁ ሳላውቅ የቀረሁበት ቀን ከአንድ በላይ ነው። ከሁሉ የከፋው ጥቃቅን መጠን ላይ ያለው ድክመት ነው፤ ሶዳ ቁንጥር ቁንጥር እያደረግሁ ስጨምር ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቆይና ድንገት 2 ወይም 3 ይላል። መፍትሔው በተቃራኒው መሄድ ነው፤ የሶዳውን ጣሳ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግና በማንኪያ እየቀነሱ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስንት እንደ ወረደ ማንበብ። ብዙ ጊዜ የሚጋግር ሰው ግን በ0.1 ግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን ለብቻዋ ቢይዝ ይሻለዋል።

ቴርሞሜትሩ ባለ መርፌ፣ ብረት የሆነ፣ በመደርደሪያው ላይ የሚቆም ወይም የሚንጠለጠል ቀላል ዕቃ ነው። የተከራየሁትን ቤት ኦቨን ቁልፍ 180 ላይ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ከጠበቅሁ በኋላ መርፌው 205 አካባቢ ሲዋዥቅ አየሁት። ኦቨን እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ መርፌው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ ከመፍረድ ይልቅ ጥቂት ዙር መከታተል ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ይህ ኦቨን ማራገቢያ ያለው ነው፤ ማራገቢያ ለሌለው ኦቨን የተጻፈ አሠራር በማራገቢያ ሲጋገር ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ገደማ መቀነስ እንዳለበት ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኬኮች ምሥጢር እዚህ ላይ ተፈታ፤ አንደኛውን ላዩ ቶሎ ስለ ጠቆረ በስሏል ብዬ አውጥቼው ነበርና ውስጡ ሳይረጋ ሰረጎደ፣ ሁለተኛውን እንዲበስል ብዬ ባቆየው ዳሩ አረረ። የአሠራሩ መጽሐፍ በፋራናይት የተጻፈ ሲሆን ደግሞ ሌላ ስሌት ይጨመራል፤ 350 ፋራናይት 177 ሴልሺየስ ነው፣ በእንግሊዝ የጋዝ ኦቨኖች ላይ ይህ ሙቀት «4» ተብሎ ይታያል።

ዕቃው ርካሽ ስለ ሆነ ርካሽነቱ ይታወቃል። መስታወቱ በሦስተኛው ወር በቅባት ጭጋግ ስለ ተሸፈነ በኦቨኑ በር በኩል ቁጥሩን ማንበብ አዳጋች ሆኗል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ስለሚወርድ የሚነበበው የቀድሞው ሙቀት አይሆንም። ማንጠልጠያውም ፓትራ ሲገባና ሲወጣ ይነቀላል። ቢሆንም በሰው ቤት ኦቨን ለሚጋግር ተከራይ ሁሉ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

ሁለቱም ዕቃዎች የማይደርሱበት ነገር ዱቄቱ ነው። ሚዛኑ 300 ግራም ዱቄት መሆኑን ይነግረኛል እንጂ ምን ዓይነት ዱቄት እንደ ሆነ አይነግረኝም። በጀርመን ከረጢት ላይ የሚታዩት 405 ወይም 550፣ በፈረንሳይ ያሉት 45 ወይም 55 የሚባሉ ቁጥሮች ዱቄቱ ሲቃጠል የሚተርፈውን አመድ እንጂ ፕሮቲኑን አያመለክቱም። ሊጡ እንዲለጠጥና ዳቦው እንዲነፋ የሚያደርገው ደግሞ ከፕሮቲኑ የሚፈጠረው ግሉተን ስለ ሆነ፣ ከፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ትቶ ከጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ማየት ይበጃል፤ በ100 ግራም ውስጥ ከ12 በላይ ፕሮቲን ያለው ለዳቦ፣ 9 ወይም ከዚያ በታች የሆነው ለለስላሳ ኬክ ይስማማል። ቋንቋውን ሳላውቅ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ዱቄት ገዝቼ የራሴን ፓውደር ጨምሬበት ሊጡ ከቆርቆሮው ፈስሶ የኦቨኑን ወለል እንደ ሞላው ላስታውስ እንጂ ዝርዝሩን አልተርከውም። እርሾም እንዲሁ ነው፤ ትኩስ እርሾ የሚጠይቅ አሠራር በፈጣን ደረቅ እርሾ ሲሠራ መጠኑ ወደ ሲሶ ይቀንሳል።

ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሚዛኑ ይቅደም፤ ነገር ግን ኬኩ በትክክል ተመዝኖም ማረሩን ካላቆመ ቴርሞሜትሩን ለመግዛት አንድ ወር መቆየት አያስፈልግም። እኔ በሚቀጥለው ወር ከዚህ ቤት ስለምለቅ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ፤ ለሚመጣው ተከራይ ግን ከኦቨኑ ቁልፍ አጠገብ «180 ለማግኘት 155 ላይ ያድርጉት» የሚል ወረቀት ለጥፌለታለሁ።