«ዛሬ አልበሳሽም» ላለችኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ጆሮዬ በደንብ እስኪድን ግን መጠበቅ ነበረብኝ። አሁን ዓመት ሞላው።

ስሟን አልጠቅስም፤ እንዲጠቀስ አትፈልግም። ሥራዋን ግን እነግራችኋለሁ። ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም እምብርት ለመበሳት ካሰባችሁ እንደ እሷ ዓይነት ሰው ፈልጉ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አልበሳችኝም። የፈለግኩት የጆሮዬን የላይኛውን ጠንካራ ክፍል ነበር። ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ። ብረት ያሳክክሻል? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? በየትኛው ጎንሽ ነው የምትተኚው? በሚቀጥለው ሳምንት የዋና ትምህርት እንደምጀምር ስነግራት «እንግዲያው ዛሬ አልበሳሽም፤ ዋናሽን ጨርሰሽ ነይ» አለችኝ። ያልዳነ ቁስል ይዞ ገንዳ መግባት ለጀርም በር መክፈት ነው። ያን ቀን ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ከገበያዋ እኔን እንዳስቀደመች ይገባኛል።

ትምህርቱ አልቆ ስመለስ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ የታሸገውን መርፌ እያየሁ ከፈተች። ሽጉጥ መሳዩን መብሻ አትነካውም። እሱ የደነዘዘ ጉትቻ በጉልበት ስለሚገፋ ጠንካራውን የጆሮ ክፍል ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስላለበትም የኦቶክሌቭን (ዕቃን በጋለ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን) ሙቀት አይችልም። ያደረገችልኝ ጉትቻ ቲታኒየም ነው፤ ብዙ ሰው የሚያሳክከው ኒኬል ስለሆነ። ዘንጉ ረዘም ያለ ነበር፤ ጆሮ ማበጡ ስለማይቀር።

ከዚያ ስለ እንክብካቤው ነገረችኝ። ከዚህ በፊት የሰማሁት «በየቀኑ አዙሪው፣ አልኮል ቀቢው» የሚል ነበር። ሁለቱንም ከለከለችኝ። ማዞር የደረቀውን ቅርፊት በቁስሉ ውስጥ እየጎተተ እንደገና ያደማል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ገና እያቆጠቆጠ ያለውን አዲስ ሥጋ ያቃጥላሉ። ያዘዘችኝ ቀላል ነገር ነው፦ በቀን ሁለት ጊዜ ኖርማል ሳላይን (0.9 በመቶ ጨው ያለበት ንጹህ ውሃ) መርጨት፣ የለሰለሰውን ቅርፊት በንጹህ ጎዝ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ ማድረቅ፣ መተው። ፎጣ አይሆንም፤ ክሩ ይይዘዋል፣ ጀርምም ያጠራቅማል። «እጅሽን ካልታጠብሽ ጆሮሽ የሌላ ሰው ነው ብለሽ አስቢ» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታችኛው ለስላሳ የጆሮ ክፍል ብዙ ጊዜ በ6 እስከ 8 ሳምንት ይድናል። የላይኛው ግን ደም እንደ ልብ ስለማይደርሰው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ቁስሉ የሚድነው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ላዩ ሲያምር ውስጡ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል።

እኔ ይህን ዘነጋሁ። በሁለተኛው ወር ዘንጉን እንድታሳጥርልኝ ቀጥራኝ ነበር፤ ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው ወር ጉትቻው ሥር ቀይ እብጠት ወጣ። ኬሎይድ የሚባለው ከልክ በላይ የሚያድግ ጠባሳ መስሎኝ እያለቀስኩ ሄድኩ። አልተቆጣችኝም። በደንብ አየችውና «በዚህ ጎንሽ መተኛት ጀምረሻል አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያድጋል፣ በራሱም አይጠፋም። የኔው በመነካካት የመጣ ነበር። ረጅሙ ዘንግ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ወዲህ ወዲያ እያለ ያቆስለኝ ነበር። አጭር ቀየረችልኝ። ሌሊት ደግሞ የመንገደኞችን የአንገት ትራስ ተጠቅሜ ጆሮዬን ክፍተቱ ላይ እንዳሳርፍ መከረችኝ። በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ሟሟ። ምንም ቅባት አልሸጠችልኝም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ሥራዋ የት እንደሚያበቃ ስለምታውቅ ነው። ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ቅርፊት ጤናማ ነው አለችኝ። «ቅላቱ ከሰፋ፣ ከጋለ፣ ከጠዘጠዘሽ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰሽ ግን ሐኪም ጋ ነው የምትሄጂው። ጉትቻውንም ራስሽ አታውጪው፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ይቀራል።» ይህን አስቀድሞ የሚነግር ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ባለፈው ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ አየችልኝ። «በቃ፣ ድኗል» አለች። እጄን ታጥቤ ነካሁት። ምንም አላመመኝም።

እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ።