«ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ለሚሏችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሐይቅ፣ ትንሽ ንግድ ኖሯችሁ «ኢንተርኔት ላይ እንታይ» ብላችሁ የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ 15,500 ብር ከፍያለሁ። 9,500ው የዲጂታል ማርኬቲንግና የኤስኢኦ (ዌብሳይት ጉግል ላይ ቀድሞ እንዲታይ የማድረግ ሥራ) ኮርስ ለተባለው ነው። 6,000ው ደግሞ «የሊንክ ፓኬጅ» ለሚሉት። ብሩ የራሴ ቢሆን ምናልባት ዝም ብዬ አልፈው ነበር። የአክስቴ ነው።

አክስቴ ደሴ ላይ ፔንሲዮን አላቸው። አስራ አንድ ክፍል ነው። ወደ ላሊበላ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም የመጣ ሰው፣ ኮምቦልቻ ውሎ ደሴ የሚያድር ነጋዴ ያርፍበታል። ድሮ እንግዳ የሚያመጣው ሹፌር ነበር። «እትዬ ጋ እደሩ» ይላል፣ ይመጣሉ። አሁን መንገደኛው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ በስልኩ አልጋ ይፈልጋል። አንድ ቀን ቡና እየተፈላ እትዬ «ልጄ፣ ሰው አልጋ የሚፈልገው በስልኩ ነው አሉ። እኛ እዚያ ውስጥ አለን?» አሉኝ። ፈለግን። የለንም።

ሳምንት ሳይሞላ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው መጣልኝ። «በ30 ቀን የጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ዋስትና ያለው» ይላል። የጉግል አጋር ነን ይላሉ። ከአስር ሰው በላይ አንቀበልም፣ ምዝገባው ዛሬ ማታ ይዘጋል ይላሉ። ዛሬም ያው ማስታወቂያ አለ፣ ዛሬም «ዛሬ ማታ ይዘጋል» ይላል። እኔ ግን ያን ቀን ቸኮልኩ። ለእትዬ ነገርኳቸው፣ «አንተ ካልክ» ብለው ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ብሩን በአንድ ግለሰብ ስም በተመዘገበ የቴሌብር ቁጥር ላኩት። ደረሰኝ ጠየቅኩ። «ቆይቶ ይላካል» ተባልኩ። አልተላከም።

የመጣልኝ 14 ቪዲዮና አራት ፒዲኤፍ ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ማታ ማታ ደብተር ይዤ ተቀምጬ ጻፍኩ። ምሳሌው ሁሉ አሜሪካ ስላለ ፒዛ ቤት ነው። ደሴ ውስጥ አልጋ ስለሚያከራይ ሰው አንድም ነገር የለበትም። ቢሆንም ትምህርት ነው ብዬ ቀጠልኩ።

የነቃሁት ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ለእረፍት መጥቶ ደብተሬን ሲያይ ነው። አንዱን ፒዲኤፍ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄን እኮ በነጻ ነው ያነበብኩት» አለኝ። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ሞዝ የሚባለው ድርጅት ለጀማሪዎች ብሎ በነጻ ያስቀመጠው መማሪያ ነው። ተተርጉሞ፣ ስሙ ተፍቆ፣ የሌላ ሰው አርማ ተለጥፎበት ነው 9,500 ብር የተሸጠልኝ። ሥዕሎቹ እንኳ አልተቀየሩም።

ይህ ብቻ ቢሆን ገንዘቤን አጣሁ ብዬ እተወው ነበር። የባሰው የተቀረው ትምህርት ያረጀ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ቪዲዮ ሙሉውን ስለ «ኪወርድ ሜታ ታግ» ነው። በዌብሳይቱ የውስጥ ኮድ ላይ አርባ ሃምሳ ቃል ደርድሩ ይላል። እኔም ደረደርኩ። ጉግል ግን ለደረጃ ይህን እንደማይጠቀምበት በግልጽ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሰባተኛው ቪዲዮ ደግሞ ሊንክ ግዙ ይላል። ከብዙ ዌብሳይት ወደ እናንተ የሚጠቁም አድራሻ በጅምላ ሲገዛ ጉግል ያከብራችኋል ነው ነገሩ። ጉግል እንዲህ ያለውን ሊንክ ለማጣጣል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ደረጃ ለማግኘት ብሎ ሊንክ መሸጥም መግዛትም በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። እኔ ለዚህ ነው 6,000 ብር የጨመርኩት።

ትልልቆቹም ከቅጣት አላመለጡም። ቢኤምደብሊው የተባለው የመኪና ድርጅት የጀርመን ዌብሳይቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጉግል ወጥቶ ነበር፤ ለጉግል አንድ፣ ለሰው ሌላ ገጽ ያሳይ ስለነበር። ጄሲ ፔኒ የሚባለው የአሜሪካ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2011 በተገዛ ሊንክ ተይዞ ደረጃው አሽቆልቁሏል። እነሱ ጠበቃም ባለሙያም አላቸው። አስራ አንድ ክፍል ያላት ፔንሲዮን ብትወድቅ ማን ያነሳታል?

ፓኬጁ ሲደርስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስለ ቁማር በሚያወሩ፣ ቋንቋቸውን በማላውቃቸው ገጾች ላይ የእትዬ ፔንሲዮን ስም ተለጥፎ አየሁ። በእሳቸው ስም! ጾም የማያፈርሱ፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ስመው የሚመለሱ ሴት ናቸው። ላሳያቸው አልቻልኩም።

ቀጥሎ ጉግል ማፕ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት መጣ። አንዱም እኛ ጋ ያደረ ሰው አይደለም። አንዱ «የባህሩ ዳርቻ ደስ ይላል» ይላል። ደሴ ላይ! ከጥቂት ቀን በኋላ አብዛኛው ጠፋ። የውሸት አስተያየት ጉግል ይከለክላል፣ ሲያገኝም ይሰርዛል። እስኪሰረዝ ድረስ ግን አንድ እውነተኛ እንግዳ አንብቦት «እናንተ አስተያየት ትገዛላችሁ እንዴ?» ብሎ እትዬን ጠይቋቸዋል። እሳቸው ምን እንደሚል እንኳ አልገባቸውም።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፦ ጉግል ላይ ያለውን የፔንሲዮኑን ገጽ ሰዎቹ የከፈቱት በራሳቸው ጂሜል ነው። ባለቤቱ እነሱ ናቸው ማለት ነው። ስልክ ቁጥሩን ቢቀይሩት፣ «ተዘግቷል» ብለው ቢጽፉበት ምንም ማድረግ የምንችል አልመሰለኝም ነበር። ብሬን መልሱ ብዬ ስጽፍላቸው መጀመሪያ «ታገሱ» አሉኝ። ቀጥሎ «ለማደስ 3,000 ላክ» አሉ። በመጨረሻ አገዱኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮርስ የገዛሁት በነጻ የትም እንደማይገኝ ስለነገሩኝ ነው። በነጻ አለ። ከከፈልኩበት የተሻለው ሁሉ በነጻ ነው ያለው።

መጀመሪያ የጉግል የራሱ አለ። ጉግል ሰርች ሴንትራል ይባላል፣ ብሎግም አለው። እዚያ ውስጥ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የኤስኢኦ መመሪያ አለ። አጭር ነው፣ በሁለት ማታ ያልቃል። ከእሱ ጋር «ባለሙያ መቅጠር ያስፈልገኛል ወይ» ለሚል ሰው የተጻፈ ገጽ አለ። እሱን ቀድሜ ባነብ ኖሮ አንድ ሳንቲም አላወጣም ነበር። አንደኛ አወጣችኋለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም የለም ይላል። ከጉግል ጋር የተለየ ግንኙነት አለን ከሚሉ ተጠንቀቁ ይላል። የባለሙያ ሥራ ውጤቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል ይላል። የኔዎቹ 30 ቀን ነበር ያሉት። ጉግል ማስታወቂያ ባልሆነው የፍለጋ ውጤት ላይ ወደ ላይ ለማውጣት ገንዘብ አይቀበልም። ለማስታወቂያ ይቀበላል፣ ማስታወቂያው ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ነው የሚወጣው።

ከዚያ የሞዝን የጀማሪዎች መማሪያ ኦሪጅናሉን አንብቡ። ቀጥሎ የአህሬፍስ ብሎግ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህንን ነው፤ ደረጃ በደረጃ፣ በሥዕል ያሳያል። ባክሊንኮ የሚባለው ብሎግም ጥሩ ነው፣ ብራያን ዲን የጀመረው፣ አሁን ሴምረሽ በሚባል ድርጅት የተያዘ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞዝም አህሬፍስም ሴምረሽም የኤስኢኦ መሣሪያ (ሶፍትዌር) ይሸጣሉ። ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ «የእኛን መሣሪያ ክፈቱ» ማለቱ አይቀርም። ለፔንሲዮን፣ ለልብስ ስፌት፣ ለማር ሻጭ ያ መሣሪያ አያስፈልግም። ምክሩን ውሰዱ፣ መሣሪያውን ተዉት። ዌብሳይታችሁ ጉግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጉግል ሰርች ኮንሶል ነጻ ነው፣ ይበቃል።

ዜና ለሚፈልግ ሰርች ኢንጂን ላንድና ሰርች ኢንጂን ራውንድቴብል አሉ። ሁለተኛውን ባሪ ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይጽፈዋል። ከእነዚህ ግን አትጀምሩ። በየቀኑ ጉግል ተናወጠ፣ ጉግል ቀየረ የሚል ነገር ነው፤ ለጀማሪ ራስ ከማዞር በቀር አይጠቅምም። ስለ ገበያና ስለ ደንበኛ አጠር ያለ ነገር ማንበብ ለሚወድ ሴዝ ጎዲን የሚባለው የማርኬቲንግ ጸሐፊ ብሎጉ ላይ በየቀኑ ይጽፋል። የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ደግሞ ሀብስፖት አካዳሚ ላይ በነጻ ተምሮ በነጻ ይወስዳል።

ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ አውቃለሁ። ክሮም ላይ ወደ አማርኛ መተርጎሚያው አለ። ትርጉሙ አንዳንዴ ይሳከራል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ይያዛል። ጽሑፍ ስለሆነ ፓኬጅ አይበላም፣ ኔት ሲኖር ገጹን ሴቭ አድርጋችሁ ሲጠፋ ማንበብ ትችላላችሁ። የኔ 14 ቪዲዮ የጨረሰው ጊጋ ራሱ ሌላ ወጪ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የተጻፈበትን ቀን እዩ። በዚህ ሙያ አስር ዓመት ያለፈው ምክር ሊጎዳ ይችላል። ቀን የሌለው ነገር ከሆነ እለፉት።

ብሎጎቹ የማይነግሯችሁ አንድ የኛ ጉዳይ አለ። ፊደላችን። ሰው «ሐይቅ» ብሎም «ሀይቅ» ብሎም «ሃይቅ» ብሎም ይጽፋል። «ኮምቦልቻ»ን «ኮምበልቻ» የሚል አለ። ደሴን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ አንድ ኤስ፣ ሌላው ሁለት ኤስ ያደርጋል። ሰርች ኮንሶል ላይ ሰው በየትኛው ቃል ፈልጎ እንዳገኛችሁ ይታያል። እሱን አይታችሁ በገጻችሁ ላይ ሰው የሚጽፈውን አጻጻፍ ተጠቀሙ። እኔ ይህን ያገኘሁት በኮርሱ አይደለም፣ ቁጭ ብዬ ሳይ ነው።

የእትዬን ገጽ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ጂሜል አስተካከልነው። የባለቤትነት መጠየቂያ አለ፣ በእሱ አመለከትንና ተሳካልን። የክፍሎቹን ፎቶ ጠዋት ብርሃን ሲገባ አነሳን። ሙቅ ውሃ መኖሩን፣ መኪና ማቆሚያ መኖሩን ጻፍን። አንድ ብር አልወጣበትም። ባለፈው ወር ሦስት እንግዶች «በማፕ አይተን ነው» ብለው መጥተዋል። ሦስት ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው።

እንደኔ ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ጉግል ላይ ያለው ገጻችሁ ባለቤት ማን እንደሆነ እዩ። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ተጠቃሚዎች የሚለውን ክፈቱና የማታውቁትን ጂሜል አስወጡ። «ማኑዋል አክሽንስ» የሚለውን ተመልከቱ፣ የጉግል ሠራተኞች አይተው የጣሉት ቅጣት ካለ እዚያ ይጻፋል። ባዶ ከሆነ አብሽሩ፣ የኔም ባዶ ነው። የቴሌብሩን መልእክትና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ማስረጃ ከሌለ ግን የትም አቤት ማለት አይቻልም።

ደሴ ያላችሁና የምታውቁኝ፣ ብቻችሁን መክፈት ካስቸገራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጋ ኑ። ቡና ይፈላል፣ አብረን እናያለን። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለኔም ቢሆን አትንገሩኝ፤ ራሳችሁ ጻፉት።